የቀድሞው ተከራይ ስኒዎች

ክብ ክቡን ምልክት ያየችው እንግዶቹ ተቀምጠው ሻይ ከተቀዳላቸው በኋላ ነው።

መደርደሪያውን ጠዋት ባዶ አስደርጋዋለች። ወልውላዋለች፤ መሀሉ ላይ የላስቲክ አበባ አቁማበታለች፤ በግራው የልጇን የምረቃ ፎቶ፣ በቀኙ የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት አድርጋለች። ስትጨርስ ራቅ ብላ አይታው "አሁን ገና የሰው ቤት መሰለ" ብላ ነበር። ያላየችው ነገር ቢኖር፣ በመስኮቱ ስትገባ የኖረችው ፀሐይ የእንጨቱን ቀለም መጥጣው፣ ስኒዎቹ የቆሙበት ቦታ ብቻ እንደ ጥንቱ ጠቁሮ መቅረቱን ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ የወለቀ ጥርስ ቦታ ይመስል፣ ክብ፣ ክብ፣ ክብ። ጠዋት ሰማዩ ዳምኖ ስለነበር አልታያትም። ከሰዓት ፀሐይዋ ወጣችና እንደ ነገረኛ ጎረቤት ጣቷን ቀስራ አሳየቻቸው።

"እዚህ ላይ ምን ነበር የተደረደረው?" አለች እንግዳዋ፣ የልጇ እጮኛ እናት፣ ከሻይዋ ቀና ብላ። ለነገር አልነበረም፤ ዝም ባለ ቤት ውስጥ ወሬ ለማስጀመር ነው።

"ኧረ ምንም፤ ብርጭቆ ነገር" አለች የቤቱ እመቤት፤ የላስቲክ አበባውንም ተነስታ ትንሽ ወደ ግራ ገፋችው። ሁለት ክብ ሸፍና ሌላ ሁለት ገለጠች።

ሰፈሩ እትዬ ስጋት ይላታል። ልጇ ትንሽ ካሳለች በልቧ ቀብራት ትመለሳለች። ስልክ ባላሰበችው ሰዓት ከጮኸ ሳታነሳው ነጠላዋን ለለቅሶ ታዘቀዝቃለች። የልጇ እጮኛ እናትና አባት ሊተዋወቋቸው እንደሚመጡ ከሰማች ወዲህ ደግሞ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ሁሉ አስቀድማ ስታስተናግድ ነው የከረመችው፤ ኬኩ ይቃጠላል፣ ውሃ ይጠፋል፣ ሰዎቹ ቤቱን አይተው "ከዚህ ቤትማ ልጅ አንወስድም" ብለው ይነሳሉ። እጮኛው ልጅ ስለ አባቱ ሥራ ሲጠየቅ "የመስታወት ንግድ" ብሏል። እሷም በሐሳቧ የሰው ቁመት መስታወት የተደረደረበት ትልቅ መደብር፣ ከረባት ያሰረ ሰው አየች።

ከሁሉ የሚብሰው ስጋቷ ግን ባሏ ነበር። ባሏ ጡረታ እስኪወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ምሰሶ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ። በድሮ ጊዜ ሽቦው ምሰሶው ላይ የሚታሰረው በመስታወት ስኒ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ወደ እንጨቱ እንዳያመልጥ የሚያግድ፣ ጭብጥ የሚሞላ፣ የተደፋ ብርጭቆ የመሰለ ወፍራም መስታወት። መስመር ሲቀየር የድሮው ስኒ ተነቅሎ ይጣላል። እሱ የተጣለውን ያነሳል። የባህር ውሃ የመሰለ አረንጓዴ አለው፤ ሰማያዊ አለው፤ የማር ቀለም ያለው አለው። አንዲት ደግሞ ሐምራዊ አለች፤ "ይቺ ስትሠራ ነጭ ነበረች፤ ፀሐይ ናት እንዲህ ያደረገቻት" ይላል፤ ላልጠየቀውም ይነግራል። መስኮቱ ጋ የደረደራቸው ብርሃን ከኋላቸው እንዲገባ ነው። ሰፈሩ ለእሱም ስም አልነፈገውም፤ ባለስኒው ነው።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። አንድ ቀን ግን ታላቅ እህቷ መጥታ "ባልሽን የቆሻሻ ገንዳ ሲበረብር አየሁት፤ ቤት ውስጥ የጎደለ ነገር አለ እንዴ?" አለቻት። ገንዳው ውስጥ ከተጣለ የሕንፃ ፍርስራሽ ስኒ ሲያወጣ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቱን ባየች ቁጥር ገንዳው ይታያት ጀመር።

ስለዚህ ጠዋት "ዛሬ ብቻ ኮሪደር ላይ ይቀመጡ" አለችው።

"ዛሬ ብቻ?"

"ዛሬ ብቻ። ምን አስጨነቀህ፣ አይበሉም አይጠጡም።"

እያንዳንዷን በጋዜጣ ጠቅልሎ በጣውላ ሳጥን የከተታቸው ራሱ ነው።

የልጁ አባት እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከረባት ያላሰረ ሰው ነው። ኮሪደሩ ውስጥ "ውይ!" ሲል ተሰማ። ሲመለስ እያነከሰ ነው፤ እጁ ላይ አንዲት አረንጓዴ ስኒ ይዟል።

"ሳጥናችሁ ጣቴን ሰበረኝ፤ ካሳ እንድትሆነኝ ይቺን ወሰድኩ" ብሎ ሳቀ። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አያት። "ምንድን ናት?"

ባሏ ቀና አለ። ፊቱ ሲበራ አየችው፤ አፉም ሊከፈት ነው። ከተከፈተ እንደማይዘጋ ታውቃለች፤ ምሰሶው፣ ነፋሱ፣ ፍርስራሹ፣ ገንዳው ሁሉ ሊወጣ ነው። ቀደመችው።

"የቀድሞ ተከራያችን ጥሎት የሄደ ነው" አለች። "ከኋላ ባለችው ክፍል ይኖር የነበረ። የሚጥልልን ሰው እየፈለግን ነው፤ ቤቱን አጣበበው።"

ኬክ ስትቆርስ የነበረችው ልጇ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች። ባሏ አፉን ገጠመ።

"ታዲያ ምን ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል!" አለ የልጁ አባት። "ልጄ የመስታወት ንግድ ብሎ አሳምሮ ነግሯችሁ ይሆናል። እኔ የምሰበስበው ስባሪ ነው። ጠርሙስ በሉት፣ የመስኮት ስባሪ በሉት፤ በቀለም ለይተን፣ ፈጭተን፣ ለጠርሙስ ፋብሪካ እናስረክባለን።"

"አሁን ይሄ ምን ያደርግላቸዋል?" አለች ሚስቱ፤ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"እንዴ፣ እንጀራዬ አይደል? መኪናዋ ደጅ ናት፤ ይዤላችሁ እሄዳለሁ።"

"አይ፣ አይቸገሩ..." አለች እትዬ ስጋት።

"የምን ችግር? ቤተሰብ ልንሆን አይደለም እንዴ!"

የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል። ያዘችው። ባሏን አየችው፤ አንድ ነገር በል፣ እባክህ፣ እኔን አዋርደህም ቢሆን አንድ ነገር በል፤ ይህን ሁሉ በዓይኗ አለች። ባሏ ተነሳ።

"ከባድ ነው፤ ባንዱ በኩል እኔ ልያዘው" አለ።

ሁለቱ ወንዶች ሳጥኑን ከዚህና ከዚያ ይዘው ወጡ። "ጋሼ፣ ተጠንቀቁ፣ መስታወት ነው፤ እንዳይቆርጥዎት" ሲል ተሰማት እንግዳው።

"ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ" አለ ባሏ።

ቃሉን ከእሷ በቀር ያስተዋለው የለም። የመኪናው የኋላ መዝጊያ ጓ ብሎ ተዘጋ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ልጅቷ ፈነዳች። "እማዬ፣ ምን ነካሽ? ተከራይ የሚባል ሰው በዚህ ቤት መቼ ኖሮ ያውቃል?"

እትዬ ስጋት ወደ ባሏ ዞረች። "አንተስ አፍ የለህም? ዝም ብለህ ትሸከማለህ?"

"ምን ልበል? 'ሚስቴ ዋሸቻችሁ' ልበል? ዛሬ ገና ላወቁን ሰዎች?"

"ለእኔ ብለህ ነው?"

"ለልጄ ብዬ ነው" አለ። ጫማውን ሲፈታ ቆየና "ትንሽም ለአንቺ" አለ።

"አባዬ፣ ደውልላቸውና መልሱልኝ በል!"

"በእጄ ጭኜ የሰጠሁትን መልሱ አልልም" አለና ገና ሳይመሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ቢቆጣት ትችለው ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላት። ዳቦ እንደተነጠቀ ልጅ ትከሻውን ሰብሮ ሲተኛ ግን ምን ትበለው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ያወጣችውን ሌላ ሰው ሊመልሰው እንደማይችል ገባት። ነገሩም ቀን አይሰጥም፤ ስባሪ የሚፈጭ ሰው ቤት የገባ መስታወት እድሜው አጭር ነው።

በማግስቱ ጠዋት የልጁን አባት ግቢ ጠይቃ አገኘችው። የሰው ቁመት መስታወት የለም፤ ከረባት የለም። ከቆርቆሮ አጥር ውስጥ የጠርሙስ ኮረብታ አለ፤ የነጩ ለብቻ፣ የአረንጓዴው ለብቻ፣ የቡናማው ለብቻ። ጓንት ያጠለቁ ሴቶች ረጅም ጣውላ ጠረጴዛ ላይ እየለዩ ይወረውራሉ። ከወዲያ ጥግ የሚፈጨው ማሽን ይጮሃል፤ በጮኸ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

ከቤት እውነቱን ለመናገር ቆርጣ ነበር የወጣችው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ይታያት ጀመር፤ ሰውዬው ይቀየማል፣ ለሚስቱ ይነግራል፣ ሚስትየው ለልጇ ትነግራለች፣ ሠርጉ ይቀራል፣ ልጇ ዕድሜ ልኳን እናቷን አታናግርም። ስለዚህ ሰውዬው "ኧረ እትዬ! ምን እግር ጣለዎት?" ሲላት ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

"ያ ተከራይ... መጣብን። ዕቃዬን አምጡ አለን።"

"ትናንት የጣልነውን ዛሬ?"

"ዛሬ። ማለዳ።"

"የሚገርም ሰው ነው" አለ። "ግን ተለይቷል እኮ፤ ከየቀለሙ ጋር ተደባልቋል። ለምን እሱ ራሱ መጥቶ አይለይም? ዕቃውን የሚያውቀው እሱ ነው።"

"አሞታል" አለች። ማለዳ መጥቶ ዕቃ የጠየቀ ሰው እንዴት ወዲያው እንደታመመ ለራሷም አልገባትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ውሸት ነው፤ የእሷ እያደር ከበደ።

ጓንት ሰጧትና ወደ አረንጓዴው ኮረብታ ሄደች። ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ጠርሙስ እንጂ ሌላ አልታያት አለ። ቆይቶ አንዲት የምታውቃት የስኒ ትከሻ ብቅ አለች፤ ሳበቻት። "ይቺ ቀሚሷ ዳር የተሸረፈችው ናት" አለች ለራሷ፤ ባሏ የስኒዋን ታችኛ ክንፍ ቀሚስ ነው የሚለው። ቀጥሎ በውስጧ አረፋ ያለባትን አገኘች፤ ቀጥሎ አንገቷ ላይ የሽቦ ዝገት የማይለቃትን። ይህቺን ስንት ጊዜ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈትጋታለች! የባሏ ወገብ ከታመመ ወዲህ የምታጥባቸው እሷ ነበረች፤ ለብ ባለ ውሃ፣ ምክንያቱም ትኩስ ውሃ የነካው አሮጌ መስታወት ይሰነጠቃል። እያማረረች ነበር የምታጥበው። እያማረረች ሁሉንም አውቃቸዋለች።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ለዪ ሴትዮ የያዘችውን ከፍ አድርጋ "ይቺስ ናት?" አለቻት።

"እሷ ጠርሙስ ናት፣ የኔ እህት። ከአጠገቧ ያለችውን ስጪኝ። አዎ፣ ያቺን። ወደ ውስጥ እንደ ብሎን ጥርስ አላት፣ እዪው፤ አንዱ ጥርስ ግን ተጣሞባታል።"

"ኧረ ሴትዮ! ስም ብቻ ነው ያላወጡላቸው!" አለች ለዪዋ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

የልጁ አባት አልሳቀም። ከኋላዋ ቆሞ ሲያያት ቆይቷል።

"እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ተከራይ እናንተ ዘንድ ስንት ዓመት ነው የኖረው?"

ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ቀና ብትል ፊቷን ያየዋል።

"ከተጋባን ጀምሮ" አለች። "ተከራይ የለም። ተከራዩ ባሌ ነው።"

ማሽኑ በዚያው ሰዓት ዝም አለ፤ ቃሉ ግቢውን ሞላው። ሰውዬው የተገለበጠ ሳጥን ስቦ ተቀመጠ።

"እንግዲያው ትናንት ከእኔ ጋር የተሸከመው..."

"የራሱን ነው።"

"'ለምጄዋለሁ' ያለኝ..."

"አዎ።"

ቆቡን አወለቀ። "እኔን ደግሞ ምን አደረጋችሁኝ! የሰውን ንብረት ከእጁ ነጥቄ፣ 'እንዳይቆርጥዎት' እያልኩ ስመክረው!" ቆብ የያዘ እጁን አየው። "ለምንድን ነው ግን?"

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ" አለች። ሌላ ብትፈልግ ሌላ የለም። "እባክዎ ለባለቤትዎ አይንገሩብኝ።"

"ለእሷ ብነግራትማ እስከ ሠርጉ ቀን አንተኛም" አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ተነስቶ ራሱ አብሯት ለቀመ። አረንጓዴው ተገኘ፤ ሰማያዊው ተገኘ፤ ሐምራዊቷ ከነጩ ኮረብታ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የማር ቀለም ያላትን ስትጠይቅ ግን ሰውዬው ወደ ማሽኑ አየ።

"የትናንቱ ቡናማ ማለዳ ነው የተፈጨው" አለች ለዪዋ በእሱ ፈንታ። "መኪና ሊወስደው ስለነበር።"

የማር ቀለሟ ስኒ የባሏ አልነበረችም። ገና ሲተጫጩ፣ ሌላው ወንድ አበባ በሚያመጣበት ጊዜ፣ እሱ ያቺን በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣላት። "አበባ ይጠወልጋል" ብሏት ነበር። ያን ቀን ሳቀች እንጂ አላፈረችም፤ እስኪጋቡ ድረስ ራስጌዋ አድርጋ ነው የተኛችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ እዚያም ግቢ አልተናገረችም። ጓንቱን አውልቃ መለሰች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ባሏ ሳጥኑን ሲያይ አልጮኸም፣ አላቀፋትም። ወንበር ስቦ አንድ በአንድ አወጣቸው፤ በጨርቅ ጠረጋቸው፤ መስኮቱ ጋ አቆማቸው። እሷ ቆማ ነገረችው፤ ሁለተኛውን ውሸት፣ የለዪዋን ሳቅ፣ የሰውዬውን ቆብ። መጨረሻ ላይ የማር ቀለሟን ነገረችው።

እጁ ቆመ። "እሷ የአንቺ ነበረች" አለ። ሌላ አልጨመረም፤ መጥረጉን ቀጠለ።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ከፈተች። የልጁ አባትና እናት ናቸው።

"ቆቤን ረስቼ ሄጄ..." አለ ሰውዬው። ቆቡ ራሱ ላይ ነው።

ሚስቱ ቆቡን አየች፣ ባሏን አየች። "ይሄ ሰው ዛሬ አላማረኝም። ምሳ አልበላም፤ አሁን ደግሞ ካልሄድን ብሎ ጎትቶ አመጣኝ" አለች። ከዚያ ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ። "እንዴ! ይሄ የተከራዩ ዕቃ አይደለም?"

ባለስኒው ጨርቁን አስቀመጠና "እሱማ... ትናንት ልንጥለው ብለን፣ ማታ ከባለቤቴ ጋር ስንመክር፣ አይ ያምራል ብለን..." ማለት ጀመረ። ውሸት አያውቅበትም። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ስለ እሷ ሲዋሽ፣ በዚህ ዕድሜው እንደ ተማሪ እየተንተባተበ ሲዋሽ ስታየው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

"ተወው" አለችው። ወደ ሴትዮዋ ዞረች። "ተከራይ የለም። የባሌ ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው። እናንተ ፊት አፈርኩበትና ካድኩት። ባለቤትዎ ያውቃሉ፤ እኔ ነኝ አይንገሩብኝ ያልኳቸው።"

የልጁ እናት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ጠርሙስ ሰብሳቢ ፊት ጠርሙስ ማሳየት አሳፈረዎት?"

"አላወቅሁም ነበር እኮ። ሥራችሁን አላወቅሁም።"

"ቢያውቁስ?"

እትዬ ስጋት አፏን ከፈተች። ብታውቅ? ብታውቅማ የምታፍረው በባሏ ሳይሆን በእነሱ ነበር። ለእህቷ፣ ለጎረቤቱ፣ ምን ብዬ ልንገር ብላ ስትጨነቅ ነበር የምታድረው። ይህን ራሷ ላይ ስታየው ሌላ ውሸት ለማምጣት አቅም አጣች። አንገቷን ደፋች።

"እሺ" አለች ሴትዮዋ። "ገባኝ።"

ልጅቷ እንባዋ መጣ፤ ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች። የልጁ አባት ሐምራዊቷን እያየ "ጋሼ፣ ይቺ ግን እንዴት ነው እንዲህ የሆነችው?" አለ። ባለስኒው መጀመሪያ ሚስቱን አያት፤ ከዚያ ሁለት እጁ ላይ አድርጎ አመጣለትና ስለ ነጩ መስታወትና ስለ ፀሐይ ያወራለት ጀመር። ድምፁ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ እየቆየ ሞቀው። ሁለቱ ሴቶች ሻዩ እስኪበርድ አልተያዩም።

ሲሄዱ የልጁ እናት ደረጃው ላይ ቆመች። "ልጆቹ ይዋደዳሉ፤ በእነሱ አልገባም" አለች። "እኛ ግን እትዬ፣ ቀስ ብለን ነው የምንተዋወቀው።" እጇን ሰጠቻት። ቀዝቃዛ እጅ ነበር፤ ግን ሰጠቻት።

ባሏ መኪናው ድረስ ሸኛቸው። እትዬ ስጋት ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው። የሞተሩ ድምፅ ራቀ፤ እሱ ግን ወዲያው አልመጣም። እንደ ልማዷ ወድቆ ይሆን፣ መኪና ገጭቶት ይሆን ማለት ጀመረች፤ ተወችው። ምናልባት ትንሽ ብቻውን መቆም ፈልጎ ይሆናል። ይህን ማሰብ ከመኪናው አደጋ የበለጠ አመማት።

መጣ።

"ተቀይማኛለች አይደል?" አለችው።

"ተቀይማለች።"

"ምን ባደርግ ይሻላል?"

"ምንም። ቅያሜዋን ተዪላት፤ መብቷ ነው።"

"አንተስ?"

ጫማውን አውልቆ ከግድግዳው አስጠጋ። ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

"እኔ ደክሞኛል" አለ። "ዝጊና ነይ።"

እርምጃው ወደ ውስጥ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ገፋችው፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረችው።